«ቡድኑን ሸጥከው!» ያልኩት ሰው የልጄ የክርስትና አባት ነው

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። ዕድሜዬ 38 ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። የምተዳደረው በብረት ብየዳ ነው። ጉዳዬ የኳስ ስለሆነ ሊስቁብኝ ይችላሉ። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ሰፈራችን የራሱ ቡድን አለው። በልጅነቴ እኔም ተጫውቼበታለሁ፤ ዋንጫ ግን አንስተን አናውቅም። ክረምት በመጣ ቁጥር ከሌሎች ሰፈሮች ጋር እንጋጠማለን። ሜዳችን ከሐይቁ ብዙ አይርቅም፤ ዝናብ ሲበዛ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይይዛል። የጎሉን ቋሚና አግዳሚ የበየድኩት እኔ ነኝ። ሳንቲም አልተቀበልኩም። ለማልያም አዋጣለሁ። አሰልጣኙ ደግሞ አበልጄ ነው፤ የትልቁ ልጄ የክርስትና አባት። ኑሮው ጀልባ ነው። ሰው ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ ያመላልሳል። ለማሰልጠኑ የሚከፍለው የለም። ኳስ እንኳ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ከኪሱ ነው።

ዘንድሮ ከስንት ዓመት በኋላ ፍጻሜ ደረስን። ጨዋታው በሐምሌ መጨረሻ እሁድ ቀን ነበር። እስከ 70ኛው ደቂቃ 1 ለ 0 እየመራን ነበር። ጎሉን ያገባው አምበላችን ነው። ከዚያ አበልጄን ምን እንደነካው አላውቅም፣ አምበሉን አስወጣው። ትንሽ ቆይቶ ፈጣኑን የክንፍ ተጫዋችም አስወጣ። በምትካቸው ሁለት ተከላካይ አስገባ። ከዚያ በኋላ ኳስ ከእኛ ሜዳ አልወጣም። 80ኛው ላይ አቻ ሆኑ። በባከነው ሰዓት ከማዕዘን ምት ሁለተኛውን አገቡብን። አለቀ።

ዳኛው ፊሽካውን እንደነፋ ወደ ተጠባባቂ ወንበሩ ሮጥኩ። አበልጄን ሰደብኩት። ዝም አለኝ። ዝም ሲለኝ ባሰብኝ። «ቡድኑን ሸጥከው! ለአማቾችህ ሸጥከው!» ብዬ ጮህኩ። የሚስቱ ቤተሰቦች ያሸነፈን ሰፈር ሰዎች ናቸው። ተጫዋቾቹ በሙሉ ሰሙ። ልጄም አጠገቤ ቆሞ ነበር። ማታ ደግሞ በሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ያንኑ በድምፅ ደገምኩት። እውነቱን ለመናገር ቀማምሼ ነበር። ጠዋት ስነሳ ድምፁ ከግሩፑ ወጥቶ ሌላ ሰፈር ደርሷል።

ከዚያ ቀን ወዲህ አበልጄ ልምምድ አልመጣም። ታዳጊዎቹ ተበትነዋል። በፍልሰታ ልጄን ቅዳሴ ይዞት የሚሄደው እሱ ነበር፤ ዘንድሮ አልመጣም። ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ባለፈው እራት ላይ «አባዬ፣ የክርስትና አባቴ እውነት ብር በልቶ ነው?» አለኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። ቡሄ ደግሞ ደረሰ። በየዓመቱ ሙልሙል ይዞለት ይመጣ ነበር።

ባለቤቴ «ሂድና እግሩ ላይ ውደቅ» ትለኛለች። ጓደኞቼ ደግሞ «እውነት ነው የተናገርከው፤ አሁን ይቅርታ ከጠየቅክ ቅያሬው ልክ ነበር ማለትህ ነው» ይሉኛል። እኔ እስከ ዛሬ ቅያሬው ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ታዲያ ያላመንኩበትን ሳልናገር እንዴት ነው ይቅርታ የምጠይቀው? ሽማግሌ ልላክ? የቴሌግራሙን ድምፅ ባጠፋውስ አይበቃም?

በያጁ፣ ከባሕር ዳር

መልስ

ወንድሜ፣ አልሳቅኩብህም። አርሰናልን የሚደግፍ ሰው በኳስ እንቅልፍ ያጣ ሰው ላይ ለመሳቅ ድፍረቱ የለውም።

ከደብዳቤህ ውስጥ አላልፍ ያለኝ የጓደኞችህ ምክር ነው። «ይቅርታ ከጠየቅክ ቅያሬው ልክ ነበር ማለትህ ነው» ብለውሃል። አንተም በግማሽ ልብህ ያመንካቸው ይመስለኛል፤ ባታምናቸው ኖሮ እስካሁን አበልጅህ ቤት ደርሰህ ነበር። ግን እስቲ ያን ቀን ሜዳ ላይ ያልከውን መልሰህ አስበው። ሁለት ነገር ነው የተናገርከው። አንዱ ስለ ኳስ ነው፤ አምበሉ መውጣት አልነበረበትም። ሌላው ስለ ሰውየው ነው፤ ለአማቾቹ ብሎ ቡድኑን ሸጧል። የመጀመሪያው ያንተ አስተያየት ነው። ማንም እንድትመልሰው አይጠይቅህም፤ አበልጅህም የሚጠይቅህ አይመስለኝም። ሁለተኛው ክስ ነው። ያውም ማስረጃ የሌለው ክስ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። «ሸጥከው» ስትለው አምነህበት ነበር? መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስህ ስጥ። እኔ ግን መልሱን ከደብዳቤህ ያገኘሁት ይመስለኛል። ደመወዝ እንደሌለው የነገርከኝ አንተ ነህ። ኳስ ከኪሱ እንደሚገዛ የነገርከኝም አንተ ነህ። ይህን ሁሉ ከጻፍክ በኋላ ብር ስለ መብላቱ አንዲት ፍንጭ እንኳ አላነሳህም። ጓደኞችህንም አስተውላቸው። «እውነት ነው የተናገርከው» ይሉሃል። ከእነሱ ውስጥ ያንን ቃል ግሩፑ ላይ በራሱ ስም የጻፈ አለ?

ቅያሬውን በተመለከተ ግን እኔም ካንተ ጋር ነኝ። ይህን ስል ደስ እንደሚልህ አውቃለሁ፣ ትንሽ ደስ ይበልህ። እየመራ ወደ ኋላ የሚያፈገፍግ ቡድን የሚያስፈልገው የተከላካይ ብዛት ብቻ አይደለም። ከኋላ የተጠለዘውን ኳስ ፊት ላይ ተቀብሎ የሚያቆይ፣ ተጠልፎ ቅጣት ምት የሚያስገኝ፣ ለጓደኞቹ ትንፋሽ የሚሰጥ ሰው ይፈልጋል። እንደነገርከኝ ከሆነ ያ ሰው አምበላችሁ ነው። ፈጣኑ ልጅ ደግሞ ሜዳ ላይ እስካለ ድረስ የተቃራኒ ተከላካዮች ደፍረው አይወጡም፤ ጀርባቸው ክፍት እንዳይሆን ይፈራሉ። ሁለቱም ሲወጡ የሚፈራ ነገር አልቀረም። ሰፈሩ ሁሉ ተነቅሎ መጣባችሁ። ጫና ሲበዛ የማዕዘን ምት ይበዛል፤ የማዕዘን ምት ሲበዛ አንዱ መግባቱ አይቀርም።

ይህን ሁሉ የምልህ ግን ውጤቱን ካወቅኩ በኋላ ነው። አንተም እንደዚያው። ያ የማዕዘን ምት በአግዳሚው ላይ ቢያልፍና ጨዋታውን በመለያ ምት ብታሸንፉ ኖሮ ዛሬ ስለ ቅያሬው የሚያወራ ይኖር ነበር? በ2014 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ሆላንድ ከኮስታሪካ ጋር ስትጫወት አሰልጣኟ ሉዊ ቫን ሃል ተጨማሪው ሰዓት ሊያልቅ ሲል በረኛውን ያስፐር ሲለሰንን አስወጥቶ ቲም ክሩልን አስገባ። ለመለያ ምት ብሎ ነው። ክሩል ሁለት ምት አዳነ፤ ሆላንድ አለፈች፤ ቫን ሃልም ሊቅ ተባለ። በ2021 በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ዌምብሌይ ላይ የእንግሊዙ አሰልጣኝ ጋሬዝ ሳውዝጌት ያንኑ ዓይነት ሐሳብ ይዞ ራሽፎርድንና ሳንቾን በመጨረሻዋ ደቂቃ አስገባ። ሁለቱም አላገቡም። ሳካም አላገባም። ዋንጫውን ጣሊያን ወሰደች፤ ሳውዝጌት ደግሞ ምን እንደተባለ አንተም ታስታውሳለህ።

ከዚያ ምሽት አንድ ሌላ ነገርም አስታውስ። ሦስቱ ወጣቶች ላይ የዘረኝነት ስድብ ዘነበባቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ቅያሬው በእርጋታ መነጋገር ከባድ ሆነ። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ተጫውተው ፍጹም ቅጣት ምት መምታት ልክ ነው ወይ የሚለው ደህና ጥያቄ ነበር። ስድቡ ዋጠው። በአንተም ሰፈር የሆነው ይኸው ነው። አሁን ስለ አምበሉ መውጣት የሚያወራ አለ? እንደገባኝ ወሬው ሁሉ ስለ ብርና ስለ አማቾች ነው። ትችትህን የቀበረብህ ያንተው ቃል ነው። ስለዚህ ጓደኞችህ የነገሩህ የተገላቢጦሽ ነው። «ሸጥከው» የሚለውን ካላነሳህ ስለ ቅያሬው የምትለውን የሚሰማህ አይኖርም።

ደግሞ አንተ ከሜዳው ዳር ያላየኸው ነገር ሊኖር ይችላል። አምበሉ ቢጫ ካርድ ነበረበት? በዚያ ጭቃ 70 ደቂቃ ሮጦ ባቱ ተሸማቅቆ ይሆን? አንዳንድ ልጅ «ደከመኝ» ማለት ስለሚያፍር ለአሰልጣኙ በዓይኑ ብቻ ነው የሚነግረው። ልጁን ጠይቀኸዋል? ካልጠየቅክ አበልጅህ ቤት ከመሄድህ በፊት ጠይቀው። ፀብ ለመፈለግ አይደለም፣ ለማወቅ ነው። «ምንም አልሆንኩም ነበር» ካለህ አስተያየትህን ይዘህ ትቆያለህ። «እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር» ካለህ ግን ይቅርታህ ትንሽ ይረዝማል።

አርሰናልን ካነሳሁ አይቀር የ2006ን የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ልጥቀስልህ። ፓሪስ ላይ ከባርሴሎና ጋር ነው። ገና በ18ኛው ደቂቃ በረኛው የንስ ሌማን በቀይ ካርድ ወጣ። ተጠባባቂውን በረኛ ለማስገባት ከሜዳ አንድ ሰው መውጣት ነበረበት። አሰልጣኙ አርሰን ቬንገር ከቡድኑ ዋና ዋና ተጫዋቾች አንዱን፣ ሮበርት ፒሬስን መረጠ። ፒሬስ ማለት ያን ጊዜ ማን እንደነበር አንተም አትረሳውም። ያኛው ቀይ ካርድ ያስገደደው ቅያሬ ነው፤ ከእናንተው ጋር አንድ አይደለም። ቀጥሎ የሆነው ግን ይመሳሰላል። አርሰናል በሶል ካምቤል ጎል 1 ለ 0 መራ፤ ከዚያ ሳሙኤል ኤቶ በ76ኛው፣ ቤሌቲ በ80ኛው አገቡ። 2 ለ 1። ውጤቱ ሳይቀር የእናንተ ሰፈር ነው። ፒሬስ ለአርሰናል ከዚያ በኋላ አልተጫወተም፣ ወደ ስፔኑ ክለብ ቪያሪያል ሄደ። ቅር መሰኘቱንም አልደበቀም። ከዓመታት በኋላ ግን ክለብ አጥቶ አካሉን ማዘጋጀት ሲፈልግ ተመልሶ የሄደው እዚያው ቬንገር የሚያሠለጥንበት ሜዳ ነው። ቅሬታው ከልቡ የወጣ አይመስለኝም። መመለስ ግን ቻለ፤ የሚመለስበት በር ነበረው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። የተናደድከው በ70ኛው ደቂቃ ብቻ ነው ወይ? ለቡድኑ በልጅነትህ ተጫውተሃል፤ ዋንጫ አላነሳህም። ጎሉን በእጅህ በይደሃል። ማልያውን አዋጥተሃል። ያ ዋንጫ ለአንተ ከሃያ ዓመት በላይ የዘገየ ዋንጫ ነበር። ሊጨበጥ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው አመለጠህ። ይህ ያማል፤ ማንም «ኳስ ነው እኮ» ብሎ ሊያቃልልብህ አይገባም። ብቻ ሕመሙን ያወረድከው አብሮህ በታመመው ሰው ላይ ነው። እሱስ ያን ዋንጫ የሚፈልገው ካንተ ያነሰ ይመስልሃል?

«ዝም ሲለኝ ባሰብኝ» ብለሃል። ዝምታውን እንደ ንቀት ቆጥረኸው ይሆናል። እኔ ከሩቅ ሆኜ ሳየው ሌላ ይታየኛል። የክርስትና ልጁ አጠገብህ ቆሞ ነበር። መልስ ቢሰጥህ በልጁ ፊት አባቱን ሊያዋርድ ነው። ምናልባት ለእሱ ብሎ ዋጠው። ልክ ላልሆን እችላለሁ። ግን ይህንንም አስበህ ሂድ።

ሽማግሌ ቸኩለህ አትላክ። ሽማግሌ ሲመጣበት እምቢ ማለት ይከብደዋል። «ለእናንተ ስል ትቼዋለሁ» ይላል፣ ትታረቃላችሁ፣ ጉዳዩ ግን በሁለታችሁ መካከል እንዳለ ይቀራል። ደግሞ ስትሰድበው ብቻህን ነበርክ፤ ሽማግሌ አላስቀደምክም። በሩን ከዘጋብህ ያን ጊዜ ሁለታችሁም የምታከብሩትን ሰው፣ የንስሐ አባታችሁንም ሊሆን ይችላል፣ ትለምናለህ። ሚስትህንም መልእክተኛ አታድርጋት። እሷና የአበልጅህ ባለቤት እስካሁን ሰላም ከተባባሉ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አትጫንበት።

ራስህ ሂድ። ወደብ ላይ ሳይሆን ቤቱ፤ የሥራ ጓደኞቹ ከበውት እያለ ምን ይልሃል? ማታ ጀልባውን አስሮ ከገባ በኋላ ይሻላል። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ ከዚያ በፊት ይሁን። በዕለቱ ግን አይሁን፤ ግቢው በሆያ ሆዬ ልጆች በሚሞላበት ቀን እንዲህ ያለ ነገር አይወራም። ልጅህን ይዘህ አትሂድ። ልጁን ሲያይ ይለሰልሳል፣ አውቃለሁ። ለዚህ ነው አትያዘው የምልህ። ይቅር የሚልህ በራስህ ቃል ይሁን።

የምትለው አጭር ይሁን። «አበልጄ፣ ሸጥከው ያልኩህ ውሸት ነው። በተጫዋቾችህ ፊት፣ በልጃችን ፊት አዋረድኩህ። ይቅር በለኝ።» እዚህ ላይ አቁም። «ተናድጄ ነው» አትበል፤ መናደድህን ሰፈሩ ሁሉ አይቷል። «ጠጥቼ ነው» ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፤ ሜዳ ላይ ስትጮህ አልጠጣህም ነበር። ባለቤትህ እንዳለችው እግሩ ላይ መውደቅ ከልብህ ከመጣ ውደቅ፤ ቃሉን ግን አይተካልህም። ወድቆ ምን እንዳጠፋ ሳይናገር የሚነሳ ሰው ብዙ ነው።

አንድ የረሳኸው ሰው አለ፤ ባለቤቱ። «አማቾችህ» ስትል የእሷን እናትና አባት፣ የእሷን ወንድሞች ነው ገዥ ያደረግከው። ደብዳቤህ ውስጥ ስለ እሷ አንዲት ቃል የለችም። እኔ በበኩሌ ከእሱ ይልቅ እሷ ብትከብድህ አይገርመኝም። በሩን የምትከፍትልህም እሷ ልትሆን ትችላለች። ለእሷ ለብቻዋ ይቅርታ ጠይቅ፤ ቤተሰቧን በስም አንስተህ።

ሊቆጣህ ይችላል። ያን ቀን የዋጠውን ዛሬ ያወጣው ይሆናል። ስማው፤ አታቋርጠው። «እና ቅያሬውስ?» ብሎ ከጠየቀህ አትዋሽ። «በቅያሬው አሁንም አልስማማም፤ እሱን በሌላ ቀን፣ አንተ ስትፈልግ እናወራዋለን። ዛሬ የመጣሁት ለሌላው ነው» በለው። ያላመንክበትን ሳትናገር እንዴት ይቅርታ ልጠይቅ ብለኸኝ ነበር፤ በዚህ መንገድ ነው። በዚያው ምሽት «ወደ ልምምድ ተመለስ» ብለህ እንዳትለምነው። ይቅርታውን ለቡድኑ ስትል የጠየቅከው ይመስለዋል። መመለስ አለመመለሱ የራሱ ውሳኔ ነው። ፍልሰታ ስለሆነ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለውን የሚጠቅስለት ሌላ ሰው አይጠፋም። አንተ ግን አትጥቀስበት። የበደለ ሰው የተበደለውን በጾም ማስፈራራት አያምርበትም።

የተበተኑትን ታዳጊዎች እስከዚያው አምበሉ ይሰብስባቸው። አንተ ፊሽካውን እንዳትነካ፤ «ድሮስ ቦታውን ፈልጎ ነው» የሚል አንድ ሰው ሰፈር ውስጥ አይጠፋም። ማድረግ የምትችለው ሌላ ነገር ነው። ሲሰደብ የሰሙት እነሱ ናቸው፤ ውሸት መሆኑንም ካንተ አፍ ይስሙ። አንድ ልምምድ ላይ ሄደህ በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገራቸውና ውጣ። በሚቀጥለው ውድድር ደግሞ ከተጠባባቂ ወንበሩ ማዶ ቆመህ ተመልከት። ከሽንፈት ማግስት ጠዋት ድረስም ስልክህ ባለቤትህ ጋ ይቀመጥ። ስለ ቅያሬ የሚባል ካለህ ሰኞ ማታ፣ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ ንገረው። ያኔ እሱም ሊሰማህ ይችላል፤ በሞቀው ሰዓት ግን የትኛውም አሰልጣኝ አይሰማም።

ልጅህ ግን ነሐሴ 13ን መጠበቅ የለበትም። ይህን መልስ ባነበብክበት ምሽት ንገረው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ «ብር በልቶ ነው?» ብሎ ጠይቆ አባቱ ዝም ካለው መልሱን «አዎ» ብሎ ነው የሚወስደው። «የክርስትና አባትህ ብር አልበላም። እኔ ተናድጄ ውሸት ተናገርኩ። ሄጄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ» በለው። ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም፤ የቀረውን ራሱ ይጠይቅሃል። በቡሄ ከጓደኞቹ ጋር የክርስትና አባቱ ደጅ ሄዶ ሆያ ሆዬ ልበል ካለህ አትከልክለው፤ ራስህም አትላከው። ሙልሙሉ ዘንድሮ ካልመጣ «ረስቶሃል» አትበለው። በእናንተ ፀብ ውስጥ ልጁን ከሁለት በኩል መጎተት አይገባም።

የቴሌግራሙ ነገር። ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። «ለሁሉም አጥፋ» ብትል ከግሩፑ ይጠፋል እንጂ ሰው ወደ ሌላ ቦታ የላከው እዚያው ይቀራል። አሁን ዝም ብለህ ብታጠፋው ደግሞ ማስረጃ የሸሸግክ ያስመስልብሃል። አበልጅህን ካነጋገርክ በኋላ እዚያው ግሩፕ ላይ፣ በራስህ ድምፅ፣ ከግማሽ ደቂቃ ያልበለጠ መልእክት አስገባ። በጽሑፍ አይሁን፤ ክሱን በድምፅ የሰማ ሰው ማስተባበያውንም በድምፅ ይስማ። «ቡድኑን ሸጠ ያልኩት ውሸት ነው። እሱንና የባለቤቱን ቤተሰብ በድያለሁ። የፊተኛውን ድምፅ ለሌላ የላካችሁ ይህንንም ላኩልኝ» በል። አስተዳዳሪው ለጥቂት ቀን ከላይ እንዲሰካው ጠይቅ። የፊተኛውን ከዚያ በኋላ አጥፋ። አበልጅህ በሩን ቢዘጋብህ እንኳ ይህን አታስቀር፤ ይህ እሱ ይቅር ቢልህም ባይልህም ያለብህ ዕዳ ነው። በዚያ ድምፅ ውስጥ ስለ አምበሉም ሆነ ስለ 70ኛው ደቂቃ አንዲት ቃል እንዳታስገባ። ከሥሩ ቀልድና ሳቅ የሚለጥፉ ይኖራሉ፤ ከጓደኞችህም መካከል «ፈራህ እንዴ?» የሚልህ አይጠፋም። ለአንዳቸውም መልስ አትስጥ።